የሚቈጥር ዐይንና የሚፈልግ ዐይን

በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እረኛ በጎቹን ወደ በረት ሲያስገባ ከበሩ ቆሞ አንድ በአንድ ይቈጥራቸዋል። ቍጥሩ የሞላ እንደ ሆነ በረቱን ዘግቶ እሳት ወዳለበት ይገባል። አንዲት የጎደለች እንደ ሆነ ግን፣ ብርዱ ምንም ቢጸና፣ ጅቡም ምንም ቢጮኽ፣ በትሩን ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ይመለሳል። እንግዲህ የቍጥር ጥቅም የሚታወቀው በዚህ ነው። እረኛ በጎቹን የሚቈጥረው የጎደለችውን ለመፈለግ ነው እንጂ ቍጥር ስለሚወድ አይደለም። ቈጥሮ መጕደሏን ዐውቆ የተኛ እረኛ ቢገኝ፣ ካልቈጠረው እረኛ ይልቅ የእርሱ ጥፋት የከፋ ነው፤ ዐውቆ ትቷታልና።

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት በዛሬ ዘመን በትምህርት ቤት ስለሚደረገው የተማሪዎች ጥበቃና ቍጥጥር ጥቂት ለመናገር ስለ ፈለግሁ ነው። አንድ ቀን በጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከሠሯቸው ሕንፃዎች ከአንደኛው ሥር ተቀምጬ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች እመለከት ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ስልኩን አሳየኝ። የልጁ ትምህርት ቤት፣ ልጁ የቀረበትን ቀንና በየፈተናው ያገኘውን ማርክ በቴሌግራም ይልክለታል፤ በግቢውም ውስጥ ካሜራ ተሰቅሏል። «ጋሼ፣ እርስዎ በሚያስተምሩበት ጊዜ ይህ ቢኖር ኖሮ ማን ያመልጥዎ ነበር?» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። ለመሆኑ ከእኔ ያመለጡት እነማን ነበሩ? አጥፊዎቹ ናቸውን? ወይስ ሌሎች?

ይህን ለመመለስ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ጎንደር፣ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሯት ጀምሮ የሊቃውንት ከተማ ሆና ኖራለች። የአቋቋም ትምህርት የሚመሰከርባት በአታ ለማርያም የምትገኘውም በዚችው ከተማ ነው። በዚያ በጥንቱ ትምህርት የኔታ የስም መጥሪያ መዝገብ አልነበራቸውም። ከዛፍ ጥላ ወይም ከጎጆ ደጅ ተቀምጠው፣ አንዱ ልጅ ፊደል፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ ሌላው ዳዊት በየድምፁ እየጮኸ ሲያነብ ይሰማሉ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዱ ልጅ አንዲት ቃል ቢያሰናክል በስሙ ጠርተው ያቀኑታል። ከፍ ያለው ተማሪም ዝቅ ያለውን ያስጠናዋል። ይህ ጥበቃ ሁልጊዜ የርኅራኄ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አለንጋም ነበረ፣ የሚኮበልል ልጅም በእግር ብረት የሚታሰርበት ጊዜ ነበረ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ተማሪው ትምህርቱን ሲፈጽም «አስመሰከረ» ይባል ነበር። ማረጋገጫው ወረቀት ሳይሆን የመምህሩ ምስክርነት ነው። ምስክር ማለት ደግሞ በዐይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ፣ ተሳስቶም እንደ ሆነ የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። ተማሪውን የሚጠብቀውና የሚመሰክርለት አንድ ሰው ስለ ነበረ፣ መጠበቅና ማወቅ አልተለያዩም ነበር።

ከፍ ያለውን ተማሪ የዝቅተኛው ጠባቂ ማድረግ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አልነበረም። አንድሩ ቤል የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ ቄስ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የወላጅ አልባ ልጆችን ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። እዚያም የአገሩ ልጆች በአሸዋ ላይ ፊደል እየጻፉ እርስ በርሳቸው ሲማማሩ ባየ ጊዜ ዘዴውን ወደ ራሱ ትምህርት ቤት አገባው፤ እ.ኤ.አ. በ1797ም ጽፎ አሳተመው። በ1798 ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር የሚባል ወጣት በለንደን ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ይህን የመሰለ ዘዴ አስፋፋ። በእርሱ ሥርዓት አንድ መምህር እስከ 1,000 ተማሪ ማስተማር ይችላል ይባል ነበር፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን ያስተምራሉ፣ ይቈጣጠራሉ፣ ያጠፋውንም ለመምህሩ ያስታውቃሉ። እነዚህ ትልልቅ ተማሪዎች «ሞኒተር» ይባሉ ነበር። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጕሙ መካሪ፣ አስጠንቃቂ ማለት ነው።

ላንካስተር ልጅን መግረፍ አይወድም ነበር። ነገር ግን በግርፋት ፈንታ ያጠፋውን ልጅ ግንድ በዐንገቱ ያስር፣ ወይም በቅርጫት አድርጎ ከጣራ ሥር ይሰቅለው ነበር፤ ይህም ጓደኞቹ ሁሉ እንዲያዩትና እንዲያፍር ነው። አንድ መምህር ሺህ ልጅ ሊያይ ይችል ይሆናል፤ ሺህ ልጅ ሊያውቅ ግን አይችልም። የማያውቀውንም ልጅ ለመግዛት ኀፍረትንና ፍርሀትን መሣሪያ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። በዚያው ዘመን ጄረሚ ቤንታም የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ፣ አንድ ጠባቂ ከመካከል ሆኖ ሁሉን የሚያይበት፣ የሚጠበቁት ግን እርሱን የማያዩበት ክብ ሕንፃ አሰበ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመ ጊዜ፣ ሕንፃው ለወኅኒ ቤት ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤትም ይጠቅማል ብሎ ጽፏል። የዛሬው ካሜራ አያቱ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

«ሞኒተር» የሚለው ቃል ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ወደ አገራችን ገባ። በእኛ ትምህርት ቤት ሞኒተር ማለት የክፍል አለቃ ነው፤ መምህር በሌለ ጊዜ ጠመኔ ይዞ የረባሾችን ስም በጥቍር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ፣ ደግሞም ለረበሸ በስሙ አጠገብ ምልክት የሚጨምር ነው። እናንተ ወጣቶች ግን ዛሬ ሞኒተር ስትሉ የኮምፒዩተሩን መስታወት ታስባላችሁ። መካሪ የነበረው ቃል መጀመሪያ ስም ጸሓፊ፣ ኋላም መስታወት ሆነ።

እኔ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በየጧቱ ተሰልፈን ጥፍራችንና ዐንገታችን ይታይ ነበር፤ ያልታጠበ ይመለሳል። አንዲት መምህርት ግን ከጥፍር አልፋ ታይ ነበር። ከሰሌዳው የምገለብጠው ጽሕፈት ሁልጊዜ የተሳሳተ መሆኑን ተመልክታ፣ ሌሎች ሰነፍ ሲሉኝ፣ እርሷ ከኋላ አንሥታ ከፊት አስቀመጠችኝ። ስሕተቱም ቀረ፤ ዐይኔ ከሩቅ የማያይ መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። ሁለቱም መመልከት ነው፤ አንዱ ግን ጕድለትን ለመያዝ፣ ሁለተኛው የጕድለትን ምክንያት ለመፈለግ ነው።

ይህን ያህል የተደረገልኝ ሰው፣ መምህር በሆንሁ ጊዜ እንደ እርሷ ያደረግሁ ይመስላችኋልን? እውነቱን ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ ዓመታት በደጋው አንድ ትንሽ ከተማ ሳስተምር ሰማንያ የሚያህሉ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ነበሩኝ። አንድ ቀን ለስብሰባ ወጥቼ ስመለስ፣ በሰሌዳው ላይ የአንድ ልጅ ስም ተጽፎ ሦስት ምልክት ተደርጎበት አገኘሁ። ምንም ሳልጠይቅ አንበርክኬ ገረፍሁት። ሊናገር አፉን ሲከፍት ዝም በል አልሁት። የመንፈቁ ካርድ በሚሞላበት ጊዜም ያ ምልክት ትዝ አለኝና በጠባይ ረድፍ «መጥፎ» ብዬ ጻፍሁ። ሰሌዳው በዚያው ቀን ተጠርጎ ነበር፤ ካርዱ ግን ወደ ልጁ ቤት ሄደ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቀረ። እኔም በየጧቱ ስም ስጠራ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» እያልሁ ዐሥራ አንድ ቀን ምልክት አደረግሁ። መዝገቤ ንጹሕ ነበር፤ ዳይሬክተሩም ቢያየው ያመሰግነኝ ነበር። ለምን ቀረ ብሎ ግን የጠየቀ የለም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጥታ ነገሩን ነገረችኝ። ሞኒተሩ የቤት ሥራውን እንዲሠራለት ልጁን ጠይቆት ነበር፤ ልጁም እንቢ ቢለው በቂም ስሙን ጻፈው። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል እንዲሉ፣ እውነቱ ጠራ፤ ነገር ግን ከጠራ በኋላ የሚሠራው ሥራ የእኔ ዕዳ ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጕዤ ከቤታቸው ደረስሁ። አባትየው ካርዱን በሰው አስነብቦ፣ «መጥፎ ልጅ ከሆነ ለምን አስተምረዋለሁ?» ብሎ ከብት ጥበቃ አሰማርቶት ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ቈየሁ፤ መምህር በልጅ ፊት ጥፋቱን መናገር በዚያን ጊዜ የተለመደ አልነበረምና። በመጨረሻ ተናገርሁ። ሰኞም አሮጌውን ካርድ ቀድጄ፣ አዲስ ጽፌ፣ በዳይሬክተሩ ማኅተም አስመትቼ ላክሁ። ልጁ ተመለሰ። ነገር ግን በዚያ ዓመት በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ አንድም ጊዜ አልተናገረም። ካርድ ይቀደዳል፤ ከልጅ ልብ ላይ የተጻፈው ግን እንዲህ በቀላሉ አይቀደድም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ የጽሕፈት ምስጋና ነው። ነገር ግን ስሕተትም ሲጻፍ ይወረሳል፤ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መኪናዎቹ ዘመን እንምጣ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «ፕላዝማ» የምንለው ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ወደ ክፍላችን ይመጣ ነበር። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ይጠብቅና፣ ልጁ መለሰም አልመለሰም፣ «ደግ» ብሎ ያልፋል፤ ልጁን አያየውምና። ያ የማያይ አስተማሪ ነበር። ዛሬ ደግሞ የማያስተምር ተመልካች ሊመጣ ነው።

የቍጥጥሩን ፍላጎት ያበረታው የፈተና ነገር ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጭቶ ስለ ተገኘ ፈተናው በተጀመረበት ቀን ተሰረዘ፤ ከ250,000 የሚበልጡ ተማሪዎችም እንደ ገና እንዲፈተኑ ሆነ። በሚከተለው ዓመት በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኞች ሁሉ ከየቤታቸው ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው እያደሩ፣ ስልክ እንዳይዙ ተከልክለው፣ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲታይ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። እንግዲህ ይህን ቍጥር ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ያነበዋል። አንዱ «ጥበቃው በረታና ኩረጃው ተጋለጠ» ይላል፤ እውነት አለው። ሌላው «ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህን ልጆች ማን አያቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእርሱ እውነት ግን ይበልጣል። በመጨረሻው ቀን የጠነከረ ጥበቃ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የላላውን አይክስምና።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር አይ ኦ ኤች ኬ ከሚባል ኩባንያ ጋር አንድ ትልቅ ስምምነት መደረጉን አስታወቀ። ሐሳቡ በ3,500 ትምህርት ቤቶች ለሚገኙ 5 ሚሊዮን ተማሪዎችና ለ750,000 መምህራን የዲጂታል መታወቂያ ለመስጠት፣ የተማሪውንም ውጤት ከዓመት ዓመት ለመከታተል ነበር። መዝገቡ እንዲቆም የታሰበው ካርዳኖ በሚባል ብሎክቼይን ላይ ነበር። ብሎክቼይን ማለት በአንድ መዝገብ ቤት ብቻ ሳይሆን በብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ ጊዜ ስለሚጻፍ፣ ማንም በስውር ሊፍቀውና ሊደልዘው የማይችል መዝገብ ነው። የሐሰት የትምህርት ማስረጃ በበዛበት አገር ይህ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በላቡ የተማረውን ልጅ በገንዘብ ወረቀት ከገዛው ይለየዋልና። ነገር ግን ያን የደጋ ልጅ አስቡት። ቀጣፊ የማይፍቀውን መዝገብ፣ ተሳስቶ የጻፈ መምህርም እንደ ካርድ ቀድዶ አይጥለውም። ስለዚህ የማይፋቅ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስሕተት በምን መንገድ እንደሚታረም መወሰን አለበት።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን አገሮች ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ፣ ላወር ሜሪየን በሚባል ወረዳ፣ ትምህርት ቤቶቹ ለተማሪዎች ኮምፒዩተር ያድሉ ነበር። በኮምፒዩተሩ ካሜራ ከሩቅ ሥዕል ማንሣት ይቻል ነበር፤ ምክንያቱም ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ለመፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን አንድ ተማሪ በቤቱ ውስጥ ሳለ በተነሣ ሥዕል ተከሰሰ። በእጁ የያዘው አደገኛ መድኃኒት መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን ከረሜላ ነው አለ። ነገሩ ሲመረመር ከ50,000 የሚበልጡ ሥዕሎች መነሣታቸው ተገለጠ፤ ወረዳውም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓመት 610,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ። የጠፋውን ለመፈለግ የተሠራው ዐይን፣ ያልጠፋውን ልጅ በመኝታ ቤቱ ሲያጠምድ ተገኘ።

በስዊድን አገር በሸሌፍቴዮ ከተማ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ትምህርት ቤት ስም መጥራት ጊዜ ይፈጃል ብሎ የ22 ተማሪዎችን ፊት በካሜራ እያስለየ ሦስት ሳምንት ያህል ሞከረ። ወላጆቻቸውም ፈቅደው ነበር። የአገሩ የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ግን በ2019 የ200,000 ክሮነር መቀጫ ጣለ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱን ልብ በሉ፤ ተማሪ በትምህርት ቤቱ እጅ ያለ ስለ ሆነ፣ እሺ ማለቱ የነጻ ሰው እሺታ አይደለም አለ። ይህ ትልቅ ፍርድ ነው። አለንጋ በያዝሁበት ዘመን ተማሪዎቼ ሁሉ እሺ ይሉኝ ነበር፤ እሺታቸው ግን ከፍርሀት እንጂ ከፈቃድ አልነበረም።

በእኛም አገር ሕግ አልጠፋም። ስለ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284/2015፣ ስለ ግል ዳታ ጥበቃ ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ታውጀዋል። በዚህ በሁለተኛው አዋጅ፣ ስለ እርሱ የተመዘገበው የተሳሳተ እንደ ሆነ ይታረምልኝ ብሎ መጠየቅ ለሰው ሁሉ መብቱ ነው። ያ የደጋ ልጅ ይህ መብት አልነበረውም፤ የነበረችው አንዲት ደፋር የክፍል ጓደኛ ብቻ ናት።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ካሜራው ከክፍል የገባውን ልጅ ያያል፤ ቴሌግራሙም ለተመዘገበው ልጅ አባት ይጽፋል። በገጠሩ ከብት የሚጠብቀውን፣ በዕድሜዋ ሳትደርስ የተዳረችውን፣ መምህሩ የሸሸበትን መንደር ልጅ ግን የሚያየው ማነው? ዐይናችን ሁሉ በረት ውስጥ ባሉት በጎች ላይ ተተክሎ፣ ከውጭ የቀሩትን ጨለማው እንዳይበላቸው እፈራለሁ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የሚያያችሁ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ሁኑ። ካሜራ ሲኖር የሚታረም፣ ሲጠፋ የሚኮርጅ ልጅ የተማረው ትምህርት ሳይሆን መደበቅ ነው። ሁለተኛ፣ ስለ እናንተ የተጻፈውን ዕወቁ፤ ሐሰት ቢሆን በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትፈሩ፣ ይታረምልኝ በሉ። ጓደኛችሁም በሐሰት ሲጻፍ ብታዩ ዝም አትበሉ፤ ያችን ልጅ አስቡ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ መምህራን፣ አንዳንዶቻችሁም እነዚህን መኪናዎች የምትሠሩና የምታዝዙ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ በእያንዳንዱ መዝገብ አጠገብ ልጁን በስሙና በቤቱ የሚያውቅ፣ ቢሳሳት የሚጠየቅ፣ «ቀሪ» የሚለውን ሲያይ ተነሥቶ የሚሄድ አንድ ሰው አቁሙ። መኪናው ይቍጠር፤ ቍጥር ለእርሱ ቀላል ነው። መሄዱ ግን የሰው ሥራ ነው።

ለቀድሞ ተማሪዬም መልሴን በሌላ ቀን በዚያው በፒያሳ ሰጠሁት። «ከእኔ ያመለጡት አጥፊዎቹ አይደሉም፤ እነርሱንማ ሞኒተሩ ይጽፍልኝ ነበር። ያመለጡኝ በመዝገቤ ላይ ቀሪ ብዬ ጽፌ ያልፈለግኋቸው ናቸው» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና ስልኩን አውጥቶ የልጁን ትምህርት ቤት መልእክት እንደ ገና አነበበ። «ሰኞ ቀርቷል ይላል፤ እኔም አይቼው ነበር። ለምን እንደ ቀረ ግን አልጠየቅሁትም» አለኝ። ከዚያም ሒሳቡን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ።